ገቢ አልባ ውሃ፦ ስማርት ቆጣሪ ይቅደም ወይስ ቀጠና? ውሉስ እንዴት ይጻፍ?

ዳመና (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለመድረኩ። ለውይይት እንዲመች ቁጥሩን እንዲህ እንያዘው። 40 ሺህ ደንበኛ ያለው የከተማ ውሃ አገልግሎት ነው፤ ወደ መስመር ከሚለቀው ውሃ 38 በመቶው ገንዘብ ሆኖ አይመለስም። ውሃው የሚታደለው በፈረቃ ስለሆነ አብዛኛው ግቢ ታንከር አለው። መስመሩ ግማሹ የቆየ ብረት፣ ግማሹ ፕላስቲክ (ፒቪሲና ኤችዲፒኢ) ነው።

አንድ የቴክኖሎጂ ኩባንያ «በሽርክና እንሥራ» ይላል። የሁሉንም ደንበኛ ቆጣሪ በራሱ ወጪ በስማርት ቆጣሪ ይቀይራል፣ የመረጃ ማዕከሉንም ይሠራል፣ በምትኩ ለ15 ዓመት «ከሚድነው ውሃ» ገቢ 45 በመቶውን ይወስዳል። ከተማው መነሻ ላይ ሰባራ ሳንቲም አያወጣም። ወረቀት ላይ ሲያዩት ያጓጓል። ቆጣሪው ይቅደም ወይስ ሌላ ነገር? ኔትወርኩ ሎራዋን (ከተማው ወይም ኩባንያው ራሱ የሚተክለው፣ ባትሪ ቆጣቢ፣ ሩቅ የሚደርስ የሬዲዮ ኔትወርክ) ይሁን ወይስ የቴሌኮም ሲም? ውሉ ላይስ ምን ይታይ? በዝርዝር የምታውቁ ብትሉን።

---

የቫልቭ ቁልፍ

ከቤት ቆጣሪ አይጀመርም። የቤት ቆጣሪ የሚያውቀው በውስጡ ያለፈውን ውሃ ብቻ ነው፤ አስፋልት ሥር ስለቀረው የሚያውቀው ነገር የለም።

38 በመቶው ውስጥ ሁለት የተለያዩ ችግሮች አሉ። አንዱ በአካል የሚጠፋው ነው፦ የተሰነጠቀ መስመር፣ የላላ ማያያዣ፣ ሞልቶ የሚፈስ ጋን። ሌላው ደንበኛው ጋ ደርሶ ሒሳቡ የጠፋው ነው፦ ያረጀ ቆጣሪ፣ ሕገወጥ ቅጥያ፣ የንባብና የቢል ስህተት። ዓለም አቀፉ የውሃ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣው የውሃ ሚዛን ሠንጠረዥ ሁለቱን ለመለየት ነው የተዘጋጀው። የሚያስፈልገው የ12 ወር ምርት፣ የ12 ወር ቢልና በየዕድሜያቸው ተመርጠው መፈተሻ ቤንች ላይ የሚሞከሩ የተወሰኑ መቶ የቤት ቆጣሪዎች ነው። ኤክሴል ይበቃዋል፣ ሴንሰር አይጠይቅም።

ይህ ሳይሠራ 40 ሺህ ቆጣሪ ቢቀየር ምን ይሆናል? አዲሱ ቆጣሪ አሮጌው የሚያልፈውን ቀጭን ፍሰት ስለሚቆጥር የደንበኛው ቢል ያድጋል። አንድ ጠብታ ሳይድን ገቢው ይጨምራል፣ ኩባንያው ከዚያ ላይ 45 በመቶ ለ15 ዓመት ይወስዳል፣ የመንገዱ መስመር ግን እንደፈሰሰ ይቀጥላል። ኩባንያው ያጭበረብራል ማለቴ አይደለም። ውሉ የሚከፍለው ለዚያ ከሆነ ማንም የሚሠራው ለዚያ ነው።

---

ሰባተኛ ቀጠና

ከላይ በተባለው እስማማለሁ። ቀጥሎ የሚመጣው ቀጠና ነው፦ ኔትወርኩን ከ500 እስከ 3,000 ደንበኛ በሚይዙ ክፍሎች ከፍሎ እያንዳንዱ መግቢያ ላይ አንድ የፍሰት ቆጣሪና አንድ የግፊት ሴንሰር መትከል። 40 ሺህ ደንበኛ 25 ገደማ ቀጠና ይወጣዋል። ሊኬጅ የት አካባቢ እንዳለ ለማወቅ እነዚህ 25 መሣሪያዎች ከ40 ሺው የቤት ቆጣሪ ይበልጣሉ።

ሥራው የሚበላሸው ሴንሰሩ ላይ ሳይሆን ከሱ በፊት ነው። በመጀመሪያ የወሰን ቫልቮቹ ይፈለጋሉ፤ አስፋልት የተነጠፈባቸው ይኖራሉ፣ ካርታው ላይ ጭራሽ የሌሉም አይጠፉም። ሁሉም ሲዘጉ የዜሮ ግፊት ሙከራ ይደረጋል። ከሌሊቱ 7 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ መግቢያው ይዘጋና ቀጠናው ውስጥ ሦስት አራት ቦታ ላይ ግፊቱ ይታያል። ወርዶ ዜሮ ከደረሰ ቀጠናው ጥብቅ ነው። ግማሽ ባር ላይ ቆሞ አልወርድ ካለ የማይጨብጥ ቫልቭ ወይም የማይታወቅ መስመር ከጎረቤት ቀጠና ያስገባል። ይህ ሳይጣራ የተተከለ ሴንሰር የሚያወጣው ግራፍ ለዓይን ያምራል፣ ለውሳኔ ግን አይሆንም። ሙከራው ከመደረጉ በፊት ለሆስፒታሎች ይነገራል፤ ካለቀ በኋላም መስመሩ ታጥቦ ክሎሪኑ ይለካል፣ ምክንያቱም ባዶ መስመር በየቀዳዳው ከአፈሩ ቆሻሻ ሊስብ ይችላል።

የመግቢያ ቆጣሪ ሲመረጥ በመስመሩ ውፍረት ልክ መግዛት የተለመደ ነው፣ የሚያስከትለውም ይታወቃል። በ150 ሚሊ ሜትር መስመር ሌሊት በሰዓት 22 ሜትር ኩብ ሲሄድ ፍጥነቱ በሴኮንድ 0.35 ሜትር አካባቢ ነው። የቀኑ ከፍተኛ ፍሰት በሰዓት 90 ሜትር ኩብ ቢሆን 1.4 ሜትር ይሆናል። ኤሌክትሮማግኔቲክ ቆጣሪ ከሆነ ይህ ይሠራል። ተሽከርካሪ ምላስ ያለው ሜካኒካል ቆጣሪ ከሆነ ግን የሌሊቱ ፍሰት ከትክክለኛ ንባብ ክልሉ ሥር እንዳይወድቅ መጠኑን ወደ 100 ሚሊ ሜትር ማጥበብ ይታሰባል፤ ያኔ የቀኑ ፍጥነት 3.2 ሜትር ስለሚደርስ የግፊት ኪሳራው አብሮ ይሰላል። ከቆጣሪው በፊት ቢያንስ የዲያሜትሩን አምስት እጥፍ፣ ከኋላው ሦስት እጥፍ ቀጥ ያለ መስመር ይተዉለት፤ ፋብሪካው የበለጠ ከጠየቀ የፋብሪካው ይጸናል። ክርኑ ላይ ተጠግቶ የተተከለ ቆጣሪ ዕድሜ ልኩን ሲዋሽ ይኖራል።

አሁን ስሌቱ። 1,800 ደንበኛ ያለው ቀጠና ከሌሊቱ 8 እስከ 10 ሰዓት በሰዓት 22 ሜትር ኩብ ይወስዳል እንበል። በዚያ ሰዓት የደንበኛው ፍጆታ በሰዓት 2 ሊትር ቢያዝ 3.6 ሜትር ኩብ ነው። ሌሊት የሚሠሩ ትልልቅ ተጠቃሚዎች ለየብቻ ተለክተው 4 ሜትር ኩብ ይሁኑ። የቀረው 14.4 ሜትር ኩብ ሊኬጅ ነው። በ24 እንዳታባዙት! ቀን ሰው ሲጠቀም ግፊት ስለሚወርድ ሊኬጁም ይቀንሳል። ማባዣው ከ24 ሰዓቱ የግፊት ግራፍ ይሰላል፤ 20 ቢመጣ በቀን 288 ሜትር ኩብ ይሆናል።

---

ዳመና

በጣም ጥሩ። ግን ውሃው በፈረቃ ነው ብያለሁ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ታንከሩ ሁሉ እየሞላ ነው። የሌሊቱ ፍሰት ሊኬጅ ነው ብዬ እንዴት ልመን?

---

የቫልቭ ቁልፍ

አያምኑትም። በፈረቃ በሚታደል ከተማ የሌሊት ፍሰትን እንደወረደ የሚወስድ ሶፍትዌር ታንከር የሞላበትን ሌሊት ሁሉ «ሊኬጅ ተገኘ» ይላል። ኩባንያው ፕላትፎርሙን የሠራው 24 ሰዓት ውሃ ላለው ከተማ ከሆነ ይህ አልታሰበበትም። ጠይቋቸው።

መፍትሔው ለመለኪያው ሲባል አንድን ቀጠና በተራ ለሁለት ሦስት ቀን ያለማቋረጥ ማጠጣት ነው። ታንከሮቹ ይሞላሉ፣ ተንሳፋፊዎቹ ይዘጋሉ፣ ሦስተኛው ሌሊት ላይ የሚቀረው ፍሰት ወደ እውነተኛው ሊኬጅ ይጠጋል። የተበላሸ ተንሳፋፊ ያላቸው ታንከሮች ሞልተው ስለሚፈሱ አሁንም ይረብሻሉ፤ እነሱን ለመያዝ የተመረጡ የአንድ መንገድ ቤቶችን ቆጣሪ በዚያው ሌሊት በእጅ ማንበብ ይበቃል።

ሁለተኛው ጣጣ አየር ነው። ፈረቃው ሲጀምር መስመር ውስጥ ያለው አየር በውሃው ተገፍቶ በቤት ቆጣሪዎቹ በኩል ይወጣል፣ ሜካኒካል ቆጣሪም አየሩን እንደ ውሃ ቆጥሮ ይሽከረከራል። አልትራሶኒክ ቆጣሪ ደግሞ ቱቦው በውሃ ካልሞላ ንባቡን ያቋርጣል ወይም የስህተት ምልክት ያወጣል። ስለዚህ ከፍታ ቦታዎች ላይ የአየር ማስወጫ ቫልቭ ሳይኖር የትኛውም ቆጣሪ ቢገባ የደንበኛ አቤቱታ አይቀርም።

ሦስተኛ፣ ይህንን ለውሉ ያዙት። ሊኬጅ የሚለካው መስመሩ ግፊት ባለበት ሰዓት ልክ ነው። ከተማው ነገ ፈረቃውን በቀን ከ8 ሰዓት ወደ 16 ሰዓት ቢያሳድግ፣ አንድም አዲስ ቀዳዳ ሳይፈጠር የሚፈሰው ውሃ ወደ እጥፍ ይጠጋል። መነሻ ልኬቱ (ሥራው ከመጀመሩ በፊት የተለካው ኪሳራ) ውሃ በሚለቀቅበት ሰዓት ልክ ካልተስተካከለ ወይ ኩባንያው በማያገባው ይቀጣል፣ ወይ ደግሞ ሰዓት ሲቀነስ ባልሠራው ይከፈለዋል።

---

ራዲዮ ሞገድ

የኔትወርኩን ጥያቄ ልውሰድ። ለ25 መግቢያና ለ75 ያህል የግፊት ነጥብ ከሆነ በኔ እይታ የቴሌኮም ሲም ይሻላል፤ መቶ መሣሪያ ላይ የራስን ኔትወርክ መገንባትና መጠበቅ አያዋጣም። ሎራዋን የሚያዋጣው በሺዎች የሚቆጠር ሲሆን፣ ወይም የመንገድ መብራቱ፣ የቆሻሻ ገንዳውና የጎርፍ መለኪያው አንድ ኔትወርክ ሲጋሩ ነው።

ከየትኛውም በፊት ግን ቦታው ላይ ወርዶ ሲግናል መለካት ያስፈልጋል፣ ክዳኑ ተዘግቶ! የብረት ክዳን ያለው ማንሆል ውስጥ የተቀመጠ አንቴና ክፍት ሆኖ ሲሞከር ይሠራል፣ ክዳኑ ሲገጠም ይጠፋል። ወይ ክዳኑ በኮምፖዚት ይቀየራል፣ ወይ አንቴናው በቱቦ ወደ ጎን ምሰሶ ይወጣል። ማንሆል ውሃ ስለሚሞላ የሳጥኑ መከላከያ አይፒ68 (ውሃ ውስጥ ቢቆይም የማያስገባ ደረጃ) ይሁን፤ የኬብል ማያያዣዎቹም እንዲሁ፣ ምክንያቱም ውሃ ብዙ ጊዜ የሚገባው በሳጥኑ ሳይሆን በኬብሉ ጫፍ ነው።

የመልእክቱ ይዘት እንዲህ ቢሆን ይመረጣል። በየ15 ደቂቃው ይመዝገብ፣ በሰዓት አንዴ ይላክ፦ አራት የግፊት ንባብ በሁለት በሁለት ባይት፣ የቆጣሪው ጠቅላላ ድምር በአራት ባይት፣ የባትሪ ሁኔታ በአንድ ባይት። ጠቅላላው 13 ባይት ነው። ድምሩን ላኩ እንጂ የሰዓቱን ልዩነት ብቻ አትላኩ። ልዩነት ከተላከ አንድ መልእክት ሲጠፋ ያ ውሃ ለዘላለም ጠፋ፤ ድምር ከተላከ ቀጣዩ መልእክት ክፍተቱን ይሞላዋል።

ሎራዋን ከተመረጠ የጌትዌዩን (የመሣሪያዎቹን መልእክት የሚቀበለውን ጣቢያ) ብዛት የሚወስነው ካርታ ላይ የተሳለው ክብ አይደለም። ከላይ ያለችው 13 ባይት በስርጭት ደረጃ 7 (ደረጃው ሲጨምር ሩቅ ይደርሳል፣ ግን ይዘገያል) ስትሄድ አየር ላይ የምትቆየው 0.06 ሴኮንድ ነው፣ በደረጃ 12 ስትሄድ ግን 1.6 ሴኮንድ ገደማ። ጌትዌይ ተቆጥቦ ሩቅ ያሉት መሣሪያዎች ሁሉ ደረጃ 12 ላይ ከቆሙ ባትሪው ያልቃል፣ መልእክቶቹም እርስ በርስ ይጋጫሉ። ንድፉ እያንዳንዱ መሣሪያ ቢያንስ ሁለት ጌትዌይ እንዲያይ ሆኖ ይሠራ።

ጌትዌዩን የመንገድ መብራት ምሰሶ ላይ ለመስቀል ከመብራቱ ክፍል ጋር የሚደረግ ስምምነት ጥሩ አጋርነት ነው፣ ወጥመድም አለው። ብዙ ቦታ የመብራቱ መስመር የሚከፈተውና የሚዘጋው ከማከፋፈያ ሳጥኑ ነው። ቀን ቀን ምሰሶው ላይ ኃይል የለም፤ ጌትዌዩ ጠዋት ይሞታል፣ ማታ ይነሳል። ወይ ቋሚ መስመር ይሳብለት፣ ወይ ሙሉ ቀን የሚያቆይ ባትሪ ይኑረው።

---

አዲስ ፋይል

@ራዲዮ ሞገድ፣ በሲሙ ነገር ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። የቴሌኮም ቴክኖሎጂ ከመሣሪያው ቀድሞ ሊጠፋ ይችላል። የጃፓኑ ዶኮሞ የኤንቢ-አይኦቲ (ለትንንሽ መሣሪያዎች የተዘጋጀ የቴሌኮም ኔትወርክ) አገልግሎቱን እ.ኤ.አ. በ2019 ጀምሮ በማርች 2020 ዘግቶታል። በየአገሩ ስንት ከተማ በ2ጂና 3ጂ የሚሠሩ ቆጣሪዎቹን ኔትወርኩ ሲዘጋ መንቀል ነበረበት። 15 ዓመት ውል ከሆነ «ኔትወርኩ ቢዘጋ የመቀየሪያው ወጪ የኩባንያው ነው» የሚል አንቀጽ ያስፈልጋል። የሬዲዮው ክፍል ከቆጣሪው ተነጥሎ የሚወጣ ሞዴል መግዛትም ይረዳል።

---

ራዲዮ ሞገድ

ትክክል። ልክ እንደዚያ ነው።

---

ሰባተኛ ቀጠና

ቀጠናው ሊኬጅ እንዳለበት ከታወቀ በኋላ ነጥቡን ማግኘት ሌላ ሥራ ነው፤ «ሴንሰሩ ቦታውን ይነግራችኋል» የሚለው ማስታወቂያ እዚህ ላይ ይሳሳታል። የድምፅ መቅጃዎች ቫልቭ ላይ በማግኔት ተለጥፈው ሌሊት ያዳምጣሉ። ሁለት መቅጃዎች አንዱን ድምፅ በተለያየ ቅጽበት ሲሰሙ ቦታው ይሰላል፦ በመካከላቸው ካለው የመስመር ርዝመት ላይ የድምፁ ፍጥነት በጊዜ ልዩነቱ ተባዝቶ ይቀነሳል፣ የቀረው ለሁለት ይከፈላል። ውጤቱ ቀድሞ ከሰማው መቅጃ ያለው ርቀት ነው።

ለምሳሌ ርዝመቱ 120 ሜትር፣ የጊዜ ልዩነቱ 0.02 ሴኮንድ ይሁን። በብረት መስመር ድምፅ በሴኮንድ 1,200 ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ ስለዚህ 120 ሲቀነስ 24፣ ለሁለት ሲካፈል 48 ሜትር። ነገር ግን መስመሩ በፕላስቲክ ተቀይሮ ካርታው ካልታደሰ፣ ፍጥነቱ 400 ሜትር አካባቢ ይሆንና ትክክለኛው ቦታ 56 ሜትር ላይ ነው። ቆፋሪው 8 ሜትር ስቶ ደረቅ አፈር ያወጣል። ከዚያ ወዲያ ማንም መሣሪያውን አያምነውም፣ ጥፋቱ ግን የካርታው ነበር።

ፕላስቲክ ደግሞ ድምፅ ይውጣል። በብረት ላይ መቶ ሜትርና ከዚያ በላይ ተራርቀው የሚሰሙት መቅጃዎች በፒቪሲ ላይ በጣም መቀራረብ ይኖርባቸዋል፣ ወይም ውሃው ውስጥ የሚገባ ሃይድሮፎን ያስፈልጋል። ስለዚህ ዳመና፣ ግማሹ መስመር ፕላስቲክ ከሆነ ለመላው ከተማ መቅጃ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ለብረቱ ክፍል መቅጃ፣ ለፕላስቲኩ ደግሞ ቫልቮችን በየተራ እየዘጉ የመግቢያው ፍሰት የቱ ጋ እንደሚወርድ ማየት። የሌሊት ድካም አለው፣ ግን ይሠራል።

እግረ መንገዴን፣ የግፊት መቀነሻ ቫልቭ ለምን ማንም አላነሳም? ግፊት 10 በመቶ ሲወርድ ሊኬጅም በአማካይ ወደ 10 በመቶ ይወርዳል፤ ጠንካራ የብረት ቀዳዳ ላይ ያነሰ፣ አብሮ የሚከፈት የፕላስቲክ ስንጥቅ ላይ የበለጠ። ሌሊት 6 ባር የሚቆም ዝቅተኛ ቀጠና ካለ ቫልቩ ከመጀመሪያው ሌሊት ጀምሮ ውሃ ያድናል። ገና ያልተገኙትን ቀዳዳዎች ጭምር።

---

ውል መርማሪ

ወደ ውሉ። መጀመሪያ «ከተማው ሳንቲም አያወጣም» የሚለውን እርሱት። ቺካጎ እ.ኤ.አ. በ2008 36 ሺህ የመንገድ ፓርኪንግ ቆጣሪዎቿን ለ75 ዓመት በ1.15 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ለግል ባለሀብቶች ሰጠች። የከተማዋ ዋና ኢንስፔክተር በ2009 ባወጣው ሪፖርት ገንዘቡ ከተገቢው ዋጋ በ974 ሚሊዮን ዶላር ያነሰ ነው አለ። ከዚያ በላይ የሚያመው ሌላው ነው፦ ከተማዋ ለራሷ ሥራ የፓርኪንግ ቦታ ስትዘጋ ለባለውሉ ካሣ ትከፍላለች። የራስን መንገድ ለማደስ ካሣ! የውሃ ውል ላይም «ከተማው ታሪፍ ቢቀንስ፣ ፈረቃ ቢለውጥ፣ መስመር ቢያዛውር ለኩባንያው ያካክሳል» የሚል አንቀጽ ተደብቆ ሊመጣ ይችላል። ፈልጉት።

በኔ አስተያየት ውሉ ከ5 እስከ 7 ዓመት ቢሆን፣ ክፍያውም ተከፍሎ አንዱ ክፍል ለተተከለና ለሚሠራ መሣሪያ ቋሚ፣ ሌላው በቀጠና መግቢያ ላይ ለተለካ የዳነ ሜትር ኩብ ቢሆን ይሻላል። የቢል ገቢ ላይ የተመሠረተ ድርሻ አይግባ። መነሻ ልኬቱ 12 ወር ሙሉ በጋራ ይለካ፣ ከሁለቱም ወገን ያልሆነ ሦስተኛ አካል ይፈርምበት፣ የመግቢያ ቆጣሪዎቹም በየዓመቱ ይፈተሹ። የሚከፈልበትን ቆጣሪ ተከፋዩ ብቻ የሚይዘው ከሆነ ጭቅጭቅ አያጣም።

ከመረጃው ባለቤትነት ይልቅ ሰዎች የሚረሱት ቁልፉን ነው። «መረጃው የከተማው ንብረት ነው» ብሎ መጻፍ ብቻውን ምንም አይፈታም። ሎራዋን ላይ እያንዳንዱ መሣሪያ የራሱ ምስጢራዊ ቁልፍ አለው፤ ቁልፎቹ በኩባንያው ሰርቨር ብቻ ካሉ ውሉ ሲያልቅ መሣሪያዎቹን ወደ ሌላ ሰርቨር ማዛወር አይቻልም፣ አንድ በአንድ ከየማንሆሉ አውጥቶ ዳግም መጫን ነው። ስለዚህ ርክክቡ ላይ የሚከተሉት ይግቡ፦ የሁሉም መሣሪያ ቁልፍ፣ የመልእክቱ አፈታት መግለጫ፣ የእያንዳንዱ መሣሪያ ቦታና የተተከለበት ቀን፣ ጥሬው መረጃ በየቀኑ በኤፒአይ (ሁለት ሶፍትዌሮች መረጃ የሚለዋወጡበት በር) ወደ ከተማው የራሱ ሰርቨር የሚወርድበት መንገድ። የመጨረሻውን ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ አስተግብሩት፤ «ወደፊት ይከፈታል» የተባለ ኤፒአይ አይከፈትም።

ባርሴሎና ይህን ችግር ከወዲያኛው ጫፍ ነው የያዘችው፦ ሴንቲሎ የሚባለውን የሴንሰር መረጃ መቀበያ ራሷ ክፍት ኮድ አድርጋ አሠራችው። ሻጩ ማንም ይሁን መረጃው በከተማዋ በር ነው የሚገባው። አነስተኛ ከተማም ኮዱን ወስዶ ሊጠቀምበት ይችላል፣ ሰርቨሩን የሚይዝ አንድ ሁለት ባለሙያ ካለው።

---

አዲስ ፋይል

የደኅንነቱ ጉዳይ እንዳይዘለል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2023 በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ፣ አሊኪፓ ከተማ የውሃ ግፊት መጨመሪያ ጣቢያ መቆጣጠሪያ ተጠልፎ ሠራተኞቹ በእጅ ለመሥራት ተገደዱ። የዚያ መሣሪያ ዓይነት ከፋብሪካ የሚወጣበት የይለፍ ቃል 1111 ነበር፣ ከኢንተርኔትም በቀጥታ ይደረስበት ነበር። ስለዚህ የሚለካው ኔትወርክና ቫልቭና ፓምፕ የሚያዘው ኔትወርክ ይለያዩ፣ ሲሞቹ በግል ኤፒኤን (ከሕዝብ ኢንተርኔት የተነጠለ የቴሌኮም መስመር) ይሁኑ፣ የፋብሪካ የይለፍ ቃል ያለው መሣሪያ ርክክብ ላይ ውድቅ ይደረግ። ሻጩ «ከሩቅ ሆነን ቫልቩን እናስተካክላለን» ካለ፣ ማን፣ ከየት፣ በማን ፈቃድ እንደሆነ በጽሑፍ ይቅረብ።

የቤት ቆጣሪ በየ15 ደቂቃው ከተነበበ ደግሞ ቤቱ ውስጥ ሰው መኖር አለመኖሩን ይናገራል። ለቢል የወር ንባብ ይበቃል፣ ለሊኬጅ የቀጠና ድምር ይበቃል። ዝርዝሩ ሳያስፈልግ አይሰብሰብ። ሳንዲያጎ ከ3,000 በላይ የመንገድ መብራቶች ላይ ካሜራና ሴንሰር ያስገባችው ለኃይል ቁጠባና ለትራፊክ ቆጠራ ተብሎ ነበር፤ ኋላ ፖሊስ ቪዲዮውን ለምርመራ ሲጠቀምበት ሕዝቡ ተቆጣ፣ በሴፕቴምበር 2020 ከንቲባው እንዲጠፋ አዘዙ። የአጠቃቀም ደንቡ ከመሣሪያው በፊት ቢጻፍ ኖሮ ሌላ ታሪክ ይሆን ነበር።

---

የቫልቭ ቁልፍ

አንድ ያልተነካ አለ፦ ማንቂያው ሲመጣ ማን ይቆፍራል?

በሰዓት 30 ሜትር ኩብ የሚፈነዳ መስመር በአንድ ቀን ቢጠገን 720 ሜትር ኩብ ወሰደ። በሰዓት 1.5 ሜትር ኩብ በዝምታ የሚፈስ ቀዳዳ 90 ቀን ቢቆይ 3,240 ሜትር ኩብ ነው። የመጀመሪያውን ሕዝቡ በስልክ ይነግራችኋል፤ ሴንሰሩ የሚያስፈልገው ለሁለተኛው ነው። ሴንሰሩ ሁለተኛውን በሦስት ቀን ካገኘው በኋላ የመንገዶች ክፍል የቁፋሮ ፈቃድ ስድስት ሳምንት የሚቆይ ከሆነ ግን የተገዛው ፍጥነት የት አለ?

ስለዚህ ከኩባንያው ጋር ከሚፈረመው በፊት ከመንገዶች፣ ከመብራትና ከቴሌኮም ጋር የሚፈረም አለ። ለአጣዳፊ ቁፋሮ የ24 ሰዓት ፈቃድ፣ ጉድጓዱን ማን በምን ደረጃ እንደሚደፍን፣ የመሬት ሥር ካርታ እርስ በርስ መለዋወጥ። ሪዮ ዴ ጄኔሮ እ.ኤ.አ. በ2010 ማብቂያ ላይ የኦፕሬሽን ማዕከሏን ስትከፍት የስክሪኑ ግድግዳ ነው በየጋዜጣው የወጣው፤ ትልቁ ነገር ግን 30 የሚያህሉ መሥሪያ ቤቶች ሰዎቻቸውን አንድ ክፍል ውስጥ ማስቀመጣቸው ነበር።

ማንቂያውንም ቆጥቡ። ለመነሻ፦ የሌሊቱ ፍሰት ካለፉት ሁለት ሳምንታት መካከለኛ ዋጋ በሰዓት 2 ሜትር ኩብ በልጦ ሦስት ሌሊት ከቆየ አንድ የሥራ ትዕዛዝ። ግፊት በድንገት ከ1 ባር በላይ ወርዶ 15 ደቂቃ ከቆየ የስልክ ጥሪ። ሌላው ሁሉ ሪፖርት ላይ ይቀመጥ። በቀን ሃምሳ ማንቂያ የሚደርሰው ቡድን በሁለተኛው ሳምንት ድምፁን ይዘጋዋል።

የካምቦዲያዋ ፕኖም ፔን እ.ኤ.አ. በ1993 72 በመቶ የነበረውን ገቢ አልባ ውሃ በአሥራ አምስት ዓመት ገደማ ወደ 6 በመቶ አውርዳለች። ዋናው መሣሪያ ቆጣሪ ለሁሉም ማስገባት፣ የደንበኛ መዝገብ ማጥራትና ውጤት ላመጣ ሠራተኛ ጉርሻ መክፈል ነበር።

---

ዳመና

አመሰግናለሁ። ኩባንያውን ጨርሶ ሳላባርር በሁለት ቀጠና ሙከራ ልጀምር ብል ዝርዝሩ ምን ይመስላል? ሁለት መግቢያ ላይ የቆዩ ሜካኒካል ቆጣሪዎች አሉ፤ እነሱን መጠቀም ይቻላል?

---

ሰባተኛ ቀጠና

ለሁለት ቀጠና፦ ሁለት የመግቢያ ቆጣሪ፣ ሁለት ባለሁለት መስመር መመዝገቢያ (ፍሰትና ግፊት)፣ በየቀጠናው ሦስት የግፊት መመዝገቢያ (መግቢያው አጠገብ፣ መካከለኛ ከፍታ፣ ከሁሉም ሩቁና ከፍተኛው ቦታ)፣ በቁፋሮ የሚወጡ የወሰን ቫልቮች መቀየሪያ፣ አንድ የድምፅ መፈለጊያ ስብስብ። አንዱ ቀጠና ብረት የሚበዛበት፣ አንዱ ፕላስቲክ የሚበዛበት ይሁን። ኩባንያው ምርጡን ቀጠና ብቻ እንዳይመርጥ እናንተ ምረጡ። የሁሉም መመዝገቢያ ሰዓት አንድ መሆኑን አረጋግጡ፤ ሰርቨሩ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት)፣ ሪፖርቱ በአገር ሰዓት ሲሆን «የሌሊቱ ፍሰት» የተባለው የማለዳው ፍጆታ ሆኖ ይገኛል።

የቆዩት ቆጣሪዎች የፐልስ (የተወሰነ ውሃ ባለፈ ቁጥር የሚላክ የኤሌክትሪክ ምት) ማውጫ ቦታ ካላቸው ያገለግላሉ። መጀመሪያ ተንቀሳቃሽ አልትራሶኒክ መለኪያ ከጎኑ ታስሮ ለአንድ ሙሉ ቀን ይወዳደሩ። የቆጣሪው ንባብ ሌሊት ሌሊት ብቻ የሚያንስ ከሆነ ቆጣሪው ለዚህ ሥራ አይሆንም። ቀጥሎ ፐልሱን ፈትሹ፦ የማግኔት ማብሪያው ሲንቀጠቀጥ አንዱን ፐልስ ሁለት አድርጎ ሊልክ ይችላል። የቆጣሪውን ፊት ቁጥርና የመመዝገቢያውን ድምር በአንድ ቅጽበት ጽፋችሁ ከ24 ሰዓት በኋላ ድገሙት። ልዩነቱ ከአንድ ፐልስ ከበለጠ የማጣሪያ ጊዜውን ከፍ አድርጎ እንደገና መሞከር ነው። አሁንም ካልተስማማ የፐልስ አንባቢውን ቀይሩ፣ ውድ አይደለም።